ሁሉን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥ ምግብ፤ በየቀለሙ የተጠበሰ አትክልት

የገበታ ክብር በሥጋ ብዛት ይታወቃል ብሎ ማሰብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንግዳው በግ ያልታረደለት እንደ ሆነ እንዳልተከበረ ይቈጥረዋል፤ ባለቤቱም አንገቱን ይደፋል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባለው በቦረና አገር ግን ይህ ልማድ አንድ ችግር ያስከትላል። በዚያ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጐረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በሠርግና በለቅሶ አይለያዩም፤ ብዙዎቹም በዘመድ የተሳሰሩ ናቸው። ነገር ግን አንዱ ባርኮ ያረደውን ሥጋ ሌላው አይበላም። ስለዚህ ደጋሹ ሁለት ጊዜ ያሳርዳል፤ ሁለት ወጥ ቤት ያቆማል፤ ሁለት ገበታም ይዘረጋል። አቅሙ ያነሰው ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ገበታ ለማሰናዳት ሲል ዕዳ ይገባል፥ አለዚያም ወዳጁን ሳይጠራ ይቀርና ያዝናል።

ይህን የሃይማኖት ሥርዓት ሳይነኩ ሁሉን በአንድ ገበታ ለማስቀመጥ የሚቻለው በአትክልት ነው። አትክልት ቢላዋ የሚባረክበት አይደለምና፥ በንጹሕ ዕቃ የተሠራ እንደ ሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይጠራጠር ይበላዋል። ደግሞም የጾም ምግብ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታም በነሐሴ 1 ቀን ይጀመራል፤ ከፋሲካ በኋላ ካለው 50 ቀን በቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል። ይህን ሁሉ ቀን ሽሮና ክክ ብቻ እያፈራረቁ ማሳለፍ ሰውነትን ያደክማል፥ ዓይንንም ያሰለቻል። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬን መርጠው፥ ከ10 ቀን በኋላ ፊታቸው አምሮ መገኘቱን መጽሐፍ የሚያውቅ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ሰላጣ የሚለው ቃል ከሮማይስጥ ወደ ጣልያንኛ የተላለፈ ሲሆን፥ መነሻው ጨው የሚል ትርጓሜ ያለው ነው። ይኸውም ጥንት ቅጠሉን በጨው እያጣፈጡ ይበሉት ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ግን ሰላጣ ማለት ጥሬ ቅጠል ብቻ አይደለም። በእስጳንያ አገር በካታሎንያ የሚኖሩ ሰዎች ቃሪያውን፥ ሽንኩርቱንና ደበርጃኑን በፍም ጠብሰው፥ ልጣጩን ገፈው፥ ዘይት አፍስሰው ያቀርቡታል፤ ስሙንም ኤስካሊቫዳ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በረመጥ የበሰለ ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የደጋው እረኛ ድንቹን በረመጥ ቀብሮ፥ አመዱን አራግፎ መብላትን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ጐመን የአገራችን ተክል ነው፤ ድንች፥ ቃሪያና ቲማቲም ግን ከአሜሪካ ምድር ተነሥተው በብዙ መንገድ የደረሱን ናቸው። ዛሬ ሁሉም የቤታችን ሆነዋልና የእኛ አይደሉም የሚል የለም።

በደጋ አገር ከመቀቀል ይልቅ መጥበስ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያትም አለ። ውሃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በመካነ ሰላም ደጋ ግን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ማሰሮው የቱንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ቀይ ሥሩም ለመብሰል ይዘገያል። በተቀቀለም ጊዜ ከቀለሙና ከጣዕሙ ብዙው በውሃው ይቀራል፥ ውሃውም ይደፋል። የፍምና የምጣድ ሙቀት ግን በዚህ ልክ አይወሰንም። የአትክልቱን ገጽ አድርቆ ያጠይመዋል፤ ውሃው በሚተንንበት ጊዜ በውስጡ ያለው ስኳር ስለሚጠነክር ካሮቱና ሽንኩርቱ ይጣፍጣሉ።

እንግዲህ የቤት እመቤቶች ሆይ፥ ለ6 ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው። መካከለኛ ቀይ ሥር 3፥ ካሮት 5፥ ድንች 5፥ ቀይ ሽንኩርት 3፥ ቃሪያ 4፥ ጐመን አንድ እስር፥ ምስር አንድ ብርጭቆ ተኩል፥ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ፥ ሎሚ 2፥ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍሬ፥ የተፈጨ ሰናፍጭ አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ጨውም እንደ ልክ። አረንጓዴ የሆነውን ወይም የበቀለውን ድንች አይግዙ፤ የሚመርዝ ነገር ይፈጠርበታልና።

አስቀድሞ ሁሉም በንጹሕ ውሃ ደኅና አድርጎ ይታጠባል። ቀይ ሥሩ ሳይላጥና ሥሩ ሳይቈረጥ ከሙሉ ልጣጩ ጋራ በረመጥ ይቀበራል፤ ልጣጩ ከተነካ ቀለሙ ይፈሳልና። እንደ ትልቅነቱ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቈያል፤ ሹል እንጨት ያለ ችግር ሲገባበት በስሏል ማለት ነው። ካሮቱ በጣት ውፍረት፥ ድንቹ በእንቍላል ግማሽ መጠን፥ ሽንኩርቱም በአራት ተከፍሎ ይቈረጣል። ቁራጮቹ እኩል ይሁኑ፤ ያለዚያ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይሆናል። በዘይትና በጨው ከታሹ በኋላ በሰፊ ብረት ምጣድ ላይ ሳይደራረቡ ይዘረጋሉ። የተደራረቡ እንደ ሆነ በእንፋሎታቸው ይቀቀላሉ እንጂ አይጠበሱም። እያገላበጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ መጠበስ ይበቃቸዋል። ቃሪያው በፍም ላይ ልጣጩ እስኪጠቍር ድረስ ይጠበሳል፤ ወዲያው ተከድኖ ጥቂት ከቈየ ልጣጩ በቀላሉ ይገፈፋል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለበት ቤት በ200 ዲግሪ ሙቀት ይህንኑ ማድረግ ይችላል።

ለዚህ ሥራ ሲባል እንጨት ማስቈረጥ አይገባም። የቦረናው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተጠበቀ ነው፤ በየደጋው የቀረውም ዛፍ ጥቂት ነው። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ በጕልቻው ውስጥ የሚቀረው ፍም ለአትክልቱ ይበቃል። ነገር ግን ዘይት በእንጀራው ምጣድ ላይ አይፍሰስ፤ ዓይን የሚያወጣው ገጹ ይበላሻልና።

ምስሩ ለብቻው ይቀቀላል፤ ሳይፈርስ ይጠነፈፋል፤ በሰናፍጭና በሎሚ ጭማቂም እንደ አዚፋ ይለወሳል። ጐመኑ ተከትፎ ከነጭ ሽንኩርት ጋራ በጥቂት ዘይት ጠውለግ ይደረጋል። ከዚያም ለእያንዳንዱ እንግዳ በጐድጓዳ ሳሕን ምስሩ ከመካከል፥ ካሮቱ በአንድ ወገን፥ ድንቹና ሽንኩርቱ በሁለተኛው፥ ጐመኑና ቃሪያው በሦስተኛው ይደረደራል። ቀይ ሥሩ ተልጦና ተቈርጦ በመጨረሻ ይገባል፤ አስቀድሞ ከገባ ሁሉን ያቀላዋል። ሎሚ ለቀይ ሥር ቀለሙን ያጸናለታል፤ የጐመንን አረንጓዴ ግን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ በጐመኑ ላይ ሎሚው ሊበላ ሲል ብቻ ይጨመቅ።

ይህ የቀለም ጌጥ ለዓይን ብቻ አይደለም። በካሮትና በጐመን ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይሆናል። ይህ ቫይታሚን ያነሰው ልጅ ማታ ማታ ማየት ይሳነዋል፤ በአገራችን ዳፍንት የምንለው ሕመም አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ንጥረ ነገሩ ያለ ቅባት በደኅና አይዋሐድምና ዘይቱን በጣም አይሰስቱበት። ምስርም ደም የሚሆነውን ብረት ይይዛል፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋራ ወይም ወዲያው የተጠጡ እንደ ሆነ ይከለክሉታል። ወሎን ቡና አቈይ ማለት ከባድ ነገር እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ሲባል ጀበናው አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ቢል ጨዋታው አይጎዳም። ደግሞም በእሳት የበሰለ አትክልት በጥሬው ከሚበላው ይልቅ ከሆድ ትልና ከተስቦ ይጠብቃል።

ለሁለቱም ወገን እንግዶች በሚቀርብበት ቀን አንድ ነገር ይታሰብ። ድስቱና ቢላዋው ሥጋ ያልነካው ይሁን፤ ቅቤም አይግባበት። እንግዳው ሳይጠይቅ ይህ ጥንቃቄ እንደ ተደረገ ቢነገረው ልቡ ያርፋል፤ ያለ ሐሳብም ይበላል። የሥጋው ገበታ እንደ ልማዱ ለየብቻው ሊቀር ይችላል፤ ማንም ሥርዓቱን እንዲተው አይጠየቅም። ነገር ግን አስቀድሞ አንድ የጋራ ገበታ የቀረበ እንደ ሆነ፥ ሽማግሎቹ ሳይለያዩ እጃቸውን ታጥበው በአንድነት ይቀመጣሉ። ጥቂት አቅም ያለውም ሰው ወዳጁን ለመጥራት የበሬ ዋጋ እስኪያገኝ ድረስ አይጠብቅም። እንግዲህ ወይዛዝርትም መኳንንትም ይህን በቤታቸው ቢያስጀምሩት፥ ትልቁ ቤት የሠራውን ትንሹ ቤት ሳያፍር ይከተለዋል።