በብስክሌት ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት፦ ነፋሱ ለምን ከግራ ይመጣል?

ከካይሮ ተነስተው እስከ ኬፕታውን በብስክሌት የሚጓዙ ሰዎች ለረጅም ዓመታት አብዝተው ከሚፈሯቸው የመንገዱ ክፍሎች አንዱ የሚጀምረው ሞያሌ ላይ ነበር። ከድንበር ከተማዋ እስከ ሰሜን ኬንያዋ ማርሳቢት ያለው ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ጠጠርና ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሞላበት፣ የጭነት መኪናዎች ጎማ እንደ መታጠቢያ ሰሌዳ ያሸበሸበው ነበር። ሽፍቶችን በመፍራት ተሽከርካሪዎች በታጠቁ ሰዎች ታጅበው በቡድን የሚያልፉበት ዘመንም ነበር።

ዛሬ ይህ መንገድ አስፋልት ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክና የአውሮፓ ኅብረት ከኬንያ መንግሥት ጋር በተለያዩ ክፍሎቹ ገንዘብ ያወጡበት፣ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው አውራ ጎዳና እአአ በ2010ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ተጠናቅቋል። ቀድሞ የጭነት መኪናን ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ አሁን በጥቂት ሰዓታት ያልቃል።

በብስክሌት ለሚያልፍ ግን ድንጋዩ ከተነሳ በኋላ ሌላ ፈተና ጎልቶ ወጥቷል። እርሱም ነፋሱ ነው።

እአአ ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በቡድን የሚደረገው 'ቱር ዳፍሪክ' የተሰኘው የብስክሌት ጉዞ በሞያሌ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ጉዞው 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን አራት ወራት ያህል ይወስዳል። ስኮትላንዳዊው ማርክ ቦሞንትም እአአ በ2015 ከካይሮ ኬፕታውን በ42 ቀናት ገብቶ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ በኢትዮጵያና በኬንያ በኩል ነው ያለፈው። እአአ በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ከሰሜን የሚመጣውን መንገድ ቢያውከውም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚያቀናው አቅጣጫ ከጓደኞች ጋር ረጅም መንገድ ለመንዳት ለሚያስቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ነው።

መንገዱ ግራ ሲሆን

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ቁልቁለት ሲያልቅ የድንበር መቆጣጠሪያው ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ሄሉንና ሌሎች ሰፈሮችን የያዘችው የኬንያዋ ሞያሌ ትጀምራለች። የሁለቱ አገራት ሠራተኞች በአንድ ሥፍራ አገልግሎት የሚሰጡበት የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ እአአ በታኅሣሥ 2020 በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በወቅቱ የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተመርቋል። በሁለቱም በኩል የቦረና ኦሮምኛ ይነገራል፤ አማርኛም በኬንያው ገበያ ለእንግዳ ቋንቋ አይደለም። ሰዓቱን መጠየቅ እንኳ አያስቸግርም፤ በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ተነስቶ ነው።

ለብስክሌተኛ ከሁሉ የሚልቀው ለውጥ ግን የመንገድ ሥርዓቱ ነው። በኢትዮጵያ ቀኝን ይዞ የነዳ ሰው ድንበሩን ሲሻገር ግራውን ይይዛል። ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ሲደመር ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳይ ይሆናል።

ምክንያቱን ለመረዳት የምሥራቅ አፍሪካን የመሬት አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል የኢትዮጵያ ደጋ፣ በሌላ በኩል የኬንያና የአካባቢው ከፍተኛ ቦታዎች ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ዝቅተኛ ሥፍራ እንደ በር ያገለግላል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው አየርም በዚያ ሲጠብ ፍጥነቱ ይጨምራል። ኪኑቲያና አስናኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እአአ በ1982 ይህን የነፋስ ጅረት ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁ። ዛሬ 'የቱርካና ጄት' በሚል ይታወቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። እርጥበትን ጭኖ ስለሚያልፍና ደመና እንዳይጎለብት ስለሚያደርግ፣ አካባቢው ደረቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት እርሱ እንደሆነ ይታመናል።

የነፋሱን ጉልበት ኬንያ ለጥቅም አውላዋለች። በማርሳቢት አውራጃ፣ ከቱርካና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ የተተከሉትና እአአ በ2019 የተመረቁት 365 ተርባይኖች 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያን ያህል ገንዘብ የሚፈስበት ነፋስ ለፔዳል ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ከሞያሌ ወጥቶ እስከ ቱርቢ ድረስ መንገዱ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል ነፋሱ ከግራ፣ ጥቂትም ከኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ከቱርቢ በኋላ መንገዱ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ ያው ነፋስ አሁን ከግራ ፊት ለፊት ይገፋል። ብስክሌተኛው ደግሞ በኬንያ ሕግ የግራውን ጠርዝ ይዟል። ስለዚህ ነፋሱ በገፋው ቁጥር ወደ አስፋልቱ መሐል፣ ማለትም ከኋላው ወደሚመጡት የጭነት መኪናዎች ነው የሚያስጠጋው። ትልቅ መኪና ሲያልፍ ደግሞ ለቅጽበት ከአጠገቡ አየሩን ስለሚረብሸው መሪው ይወላገዳል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚነዳ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነፋሱ ከኋላው እየገፋ ወደ መንገዱ ዳር ያስጠጋዋል። ጉዞውን ከናይሮቢ ጀምሮ ወደ አገር ቤት ማድረግ፣ ምርጫው ካለ፣ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጓደኛ ለምን ይጠቅማል?

የአየር ተቃውሞ እንደ ፍጥነቱ እኩል አይጨምርም፤ የአየሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋስ በሌለበት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ያንኑ ፍጥነት ሳይቀንስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው የሚታገለው ከአራት እጥፍ የአየር ግፊት ጋር ነው። ዕቃ ተጭኖበት በሁለት በኩል ከረጢት የተንጠለጠለበት ብስክሌት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

በቡድን የሚነዱ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ተራ በተራ ከፊት እየሆኑ ሌሎቹን ከነፋሱ በመጋረድ ነው። የውድድር ብስክሌተኞች ነፋሱ ከጎን ሲመጣ በአንድ መስመር አይሄዱም፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው ሰው ጀርባ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መንገዱን በሰያፍ ይሞሉታል። ከቱርቢ በታች ግን ይህን ማድረግ አይቻልም። ነፋሱ ከግራ ስለሆነ ከለላ የሚገኘው በቀኝ በኩል፣ መኪና በሚሄድበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ግራውን ይዞ አንድ በአንድ ተሰልፎ፣ ከጋራ መንዳት የሚያገኘው ጥቅም እየቀነሰም ቢሆን፣ በትዕግሥት መሄድ ግድ ይለዋል። ፍጥነቱንም የሚወስነው ከሁሉ ደካማው ሰው መሆን አለበት። ጓደኛሞችን በመንገድ ላይ የሚያጣላቸው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመነሳት በፊት ቢነጋገሩበት ይሻላል።

ሌላም ችግር አለ። ብስክሌተኞች ብዙውን ጊዜ ነፋስ የሚጠነክረው ቀትር ላይ ነው ብለው ማልደው ይነሳሉ። የቱርካና ጄት ግን ሌሊትና ንጋት ላይ ይበረታል፤ ከሰዓት በኋላ ይዳከማል። በማለዳ የወጣ ቅዝቃዜ አግኝቶ ነፋስ ይገጥመዋል፤ አርፍዶ የወጣ ነፋሱ ቀለል ቢልለትም ዲዳ ገልገሉ በሚባለው ጥላ አልባ ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ላይ ከፀሐይ ጋር ይፋጠጣል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካስፈለገ ነፋሱ ይመረጣል። ነፋስ ያደክማል፤ ሙቀት ግን ይገድላል።

በሙቀት የተመታ ሰው ስለ ራሱ መፍረድ እንደማይችል ማወቅ ያስፈልጋል። ንግግሩ ሲዘበራረቅ፣ አረማመዱ ሲንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት ሲቆጣ ቀድሞ የሚያየው ከኋላው ያለው ጓደኛው ነው። ያኔ የሚደረገው ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ገላውን በውኃ እያረሰሱ ማራገብና የሚያልፍ መኪና አስቁሞ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። "ትንሽ ይለፍልኝና እንቀጥላለን" የሚለውን መስማት አይገባም። ነፋሱ ላብን ቶሎ ስለሚያደርቅ ምን ያህል ውኃ ከሰውነት እንደወጣ አይታወቅም፤ በሰዓት አንድ ሊትር ማላብ በዚህ አየር የተለመደ ነው። ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም የደምን ጨው ስለሚያሳንስ ጨው ያለበት ምግብ ወይም የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አብሮ መያዝ ይገባል።

ክረምት የማይባለው ክረምት

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ፣ በሐዋሳና በዲላ አልፎ፣ የይርጋ ጨፌን የቡና ጥላ ተሻግሮ፣ ከሀገረ ማርያም በኋላ ወደ ቦረና ግራርና ኩይሳ ይወርዳል። ሞያሌ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚለወጥ ልዩነቱን ሰውነት በደንብ ያውቀዋል።

የወቅቶቹ ስምም ይለወጣል። ቦረናዎች ዋናውን የዝናብ ወቅት 'ገና' ይሉታል፤ ከልደት በዓል ጋር ዝምድና የለውም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው። ደጋው በሐምሌ ዝናብ ሲመታ ቦረና ቀዝቀዝ ባለውና ደመናማ በሆነው ደረቅ ወቅት፣ በ'አዶሌሳ' ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ 'ሀገያ' የሚባለው አጭር ዝናብ እዚያ ይጀምራል። መስቀልን ጠብቆ ክረምቱን አሳልፌአለሁ ብሎ የተነሳ ቡድን ሌላ ዝናብ ሊቀበለው ይችላል። ከታኅሣሥ አንስቶ ያሉት ሁለት ወራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቅ ናቸው፤ ዋጋቸው ሙቀትና የውኃ እጥረት ነው።

ይህም ቢሆን በወግ የሚታወቀው ነው። እአአ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በሁለቱም ድንበሮች ከብት አልቋል፤ እአአ በ2023 መገባደጃ ደግሞ ያው መሬት በጎርፍ ተጥለቀለቀ። በዝናብ ወቅት ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን መትከል አይገባም፤ ውኃው ሰማዩ በጠራበት ሥፍራም ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። በድርቅ ጊዜ ደግሞ እንደ ዱብሉቅ ባሉ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ያለው ውኃ ከብቶች በወረፋ የሚጠጡት፣ ሰዎች ተቀባብለው በጉልበት የሚያወጡት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ገዝቶ የሚጠጣ ሰው ከሱቅ ቢገዛ ይሻላል። ከሞያሌ ሲወጡም ጠርሙሶችን ሁሉ መሙላት፣ ትርፍ ካላማዳሪ መያዝ፣ ስለ መንገዱ ጸጥታም የዚያኑ ቀን ከማርሳቢት የመጡ ሾፌሮችን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሜዳው ሲያልቅ የማርሳቢት ተራራ ይነሳል። ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው ያው ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና እርጥበቱን በጫካው ላይ ያራግፋል፤ ማለዳ ከተማዋ በጭጋግ ትሸፈናለች። ሁለት ቀን በሙሉ ጥላ ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከከረጢታቸው ጃኬት ያወጣሉ።