ጥቁር ማድቤት፦ ከጥቀርሻ እስከ ቀለም

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወረዳው ስም ከከሰል ጋር አብሮ ይነሣል። ገበሬዎቹ አውስትራሊያ በቀል የሆነውንና በተለምዶ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳቸው ይተክላሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጠው ያከስሉታል፤ መሬቱንም መልሰው እህል ይዘሩበታል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዛፉን ክፉኛ ቢጎዳውም የአካባቢው ከሰል እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲጫን ኖሯል። ስለ ጥቁር ነገር ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የምንነጋገረው ግን ስለ ማድቤት ግድግዳ ነው። ዛሬ አዲስ ቤት ከሚሠሩት መካከል ማድቤታቸውን ጥቁር ወይም ደማቅ ግራጫ መቀባት፣ መደርደሪያውንና የሥራ ጠረጴዛውን በጥቁር ማሠራት የሚወዱ አሉ። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም፤ የእነርሱ ማድቤት ቀለም ሳይገዛለት ጥቁር ነበርና። በዚህ ጽሑፍ ጥቁረት በማድቤት ውስጥ በብርሃን፣ በሙቀትና በጤና ላይ የሚያስከትለውን ውጤት እንመለከታለን።

በቅድሚያ ስለ ጥቀርሻ። እንጨት በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ በሙሉ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ካርቦን ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እጅግ በሚያንሱ ቅንጣቶች መልክ ይሰበሰባል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርሳቸው ተያይዘው በጣሪያው ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይንጠለጠላሉ። ይህ ጥቀርሻ ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ የሚመልሰው ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲያዘጋጁ የኖሩት በከንቱ አይደለም፤ ካርቦን በጊዜ ብዛት አይደበዝዝም።

አሁን ወደ ብርሃን እንለፍ። አምፖል ስናበራ ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው በቀጥታ ብቻ አይደለም። ከግድግዳ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየተመላለሰም ይደርሳል። የክፍሉ ገጽታዎች በአማካይ የሚያንጸባርቁት የብርሃን ድርሻ «ነ» ቢሆን፣ ጠቅላላው ብርሃን 1 + ነ + ነ² + ነ³ … እያለ ይደመራል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንደሚያስታውሱት የዚህ ድምር ውጤት 1/(1 − ነ) ነው።

ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ማድቤት እንውሰድ። የገጽታዎቹ ጠቅላላ ስፋት 59 ካሬ ሜትር ነው። 800 ሉመን ብርሃን የሚሰጥ አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ብንሰቅልበት፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በአማካይ 13.6 ሉመን በቀጥታ ያርፋል። ጣሪያውና ግድግዳው ኖራ ተቀብተው ከመቶ 80 ቢመልሱ፣ ወለሉ ደግሞ ከመቶ 20 ቢመልስ፣ አማካዩ ወደ 0.68 ይደርሳል፤ ብርሃኑም ወደ 42 ያድጋል። ሁሉም ነገር እንደ ጥቀርሻ ከጠቆረ ግን 14 ላይ ይቀራል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ በር፣ መስኮትና የቤት ዕቃ አልገቡበትም። ሆኖም ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። በነጩ ማድቤት አንድ አምፖል የሚበቃው ሰው በጥቁሩ ሦስት ሊያበራ ነው ማለት ነው፤ አለዚያም ሽንኩርት የሚከትፍ ጣት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ጥቁር ለሚወድ ሰው መካከለኛ መንገድ አለ። የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ ብቻ አጥቁረን የላይኛውን ግማሽና ጣሪያውን ነጭ ብናደርግ፣ ያው አምፖል ወደ 25 ይሰጠናል። በእኛ አስተያየት ጣሪያን ማጥቆር ፈጽሞ አያዋጣም።

ብዙዎች «ጥቁር ግድግዳ ሙቀት ይስባል» ይላሉ። አባባሉ እውነት የሚሆነው ፀሐይ በቀጥታ ለሚያርፍበት የውጭ ግድግዳ ነው። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,800 ኬልቪን ስለሚሞቅ ጨረሩ የሚበረታው 0.5 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነው፣ ለዓይን በሚታየው የሞገድ ርዝመት ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሚለያዩትም በዚሁ ነው። የቤት ውስጥ ዕቃ ግን በ300 ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ የሚለቀው ጨረር 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ታህተ ቀይ ነው። በዚህ የሞገድ ርዝመት ነጩም ጥቁሩም ቀለም ከመቶ 90 ያህሉን ይመጥጣሉ። ለታህተ ቀይ ጨረር ነጭ ግድግዳም «ጥቁር» ነው ብንል አልተሳሳትንም። ጥቀርሻ በሙቀት ረገድ ለውጥ የሚያመጣው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። አዲስ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል ሙቀቱን ወደ ታች በጨረር የሚለቀው በጥቂቱ ነው፤ የውስጥ ገጹ ሲጠቁር ግን በብዙ እጥፍ ይለቃል።

ምጣድንም መዘንጋት አይገባም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ዘይቱ በግለቱ ተሳስሮ ወደ ጥቁር ንጣፍ ይለወጣል፤ የሸክላውን ቀዳዳዎችም ይደፍናል። እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው በዚህ ንጣፍ ምክንያት ነው። በማድቤት ውስጥ ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ጥቁር ቢኖር ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጤናው ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ ከባለቤቲቱ ሳንባ የተረፈው ክፍል ነው። ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጭስ ማውጫ ከሌለ ግን ጭሱ ያው በቤት ውስጥ ይቀራል። ነጭ ግድግዳ ይህን ያጋልጣል። ከምድጃው በላይ ያለው ክፍል በየሳምንቱ እየጠቆረ ሲሄድ ጭሱ እንዳልወጣ እናውቃለን። ግድግዳውን አስቀድመን በጥቁር ከቀባነው ግን ምስክሩን ዝም አሰኘነው። ስለዚህ በእንጨት እያበሰለ ጥቁር ቀለም የሚመርጥ ሰው ከምድጃው በላይ አንድ ነጭ የሴራሚክ ንጣፍ ይለጥፍ፤ በየሳምንቱም በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን ይመልከት።

ከሰልን በተመለከተ ነጩ ንጣፍም አይረዳም። በደንብ የተያያዘ ከሰል ጥቀርሻው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ይህ ጋዝ ከሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ብዙ ሰው ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲጠፋ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ ፍሙ ቀልቶ ሳለም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። በብርዳማው የአዊ ክረምት በርና መስኮት ዘግቶ ፍም ሥር መተኛት ሕይወት የሚያሳጣው ለዚህ ነው። በከሰል በሚበሰልበት ማድቤት፣ ግድግዳው ምንም ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ ከታች አየር የሚያስገባና ከጣሪያው ሥር ትኩሱን አየር የሚያስወጣ፣ የማይዘጋ ክፍተት በግንባታው ጊዜ መተው አለበት።