ያለ ሞርታር የሚቆም ግድግዳ፦ የተቆላላፊ ብሎኬት ንድፍ ምሥጢሩ ምንድን ነው?

በካምፓላ፣ በናይሮቢ ወይም በዳሬሰላም ዙሪያ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው በእሳት ከተቃጠለ ጡብና ከተለመደው ብሎኬት ሌላ ሦስተኛ አማራጭ አለው፤ ተቆላላፊ ብሎኬት። የዚህ ብሎኬት አንደኛው ገጽ ወጣ ያለ ጉብታ፣ ተቃራኒው ገጽ ደግሞ ጉብታውን የሚቀበል ስርጉድ አለው። ግንበኛው በየረድፉ መካከል ሞርታር ሳያነጥፍ አንዱን በሌላው ላይ ይደረድረዋል።

ዘዴው ሲሚንቶና ጊዜ ይቆጥባል። ሆኖም ቁጠባው የሚገኘው ብሎኬቱ በጥንቃቄ ከተነደፈና በትክክለኛ ልክ ከተመረተ ብቻ ነው።

በእጅ ከሚሠራ መጭመቂያ የተነሣ ሐሳብ

የአፈር ብሎኬትን በእጅ ኃይል የሚጨምቀው ‘ሲንቫ-ራም’ የተሰኘ መሣሪያ የተሠራው እ.አ.አ በ1950ዎቹ በኮሎምቢያ መዲና ቦጎታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ መጭመቂያዎች የመቆላለፊያ ቅርጽ ተጨምሮባቸዋል።

በምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ ዘዴ ትኩረት ካስገኙት ምክንያቶች አንዱ የደን መመናመን ነው። ጡብ ለማቃጠል ብዙ ማገዶ ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራዎች መርሐ ግብር፣ ዩኤን ሃቢታት፣ በኡጋንዳ ተቆላላፊ የአፈር ብሎኬትን ያስተዋወቀውም ማገዶ የማይፈልግ አማራጭ አድርጎ ነው። ይህ ዓይነቱ ብሎኬት ከተመረጠ አፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ ይጨመቃል። የኮንክሪቱ ዓይነት ደግሞ ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ተቀላቅሎ በንዝረት ማሽን ይመረታል። የሁለቱም የንድፍ ጥያቄ አንድ ነው።

ሞርታሩ ሲቀር ማን ያስተካክል?

በተለመደው ግንብ በብሎኬቶች መካከል የሚነጠፈው ሞርታር ማጣበቂያ ብቻ አይደለም። አንዱ ብሎኬት ጥቂት ቢረዝም ሌላው ቢያጥር፣ ግንበኛው ሞርታሩን በማሳሳትና በማወፈር ረድፉን ያስተካክላል። ሞርታሩ ሲቀር ይህ የማስተካከያ ዕድልም አብሮ ይቀራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 15፣ ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት እንውሰድ። 2.5 ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ 25 ረድፍ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ብሎኬት የውጭ ጠርዝ ከውስጠኛው በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ ዝንባሌው በየረድፉ እየተደመረ ይሄዳል። በመጨረሻ የግድግዳው አናት ከቱምቢው መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል።

ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የሚወጡ ብሎኬቶች ተመሳሳይ ስሕተት ሊደጋግሙ ስለሚችሉ ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም። ታንዛኒያዊው ተመራማሪ ሲሚዮን ኪንቲንጉ እ.አ.አ በ2009 በእንግሊዝ ዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ የተቆላላፊ ጡብ ንድፍን ከመረመሩባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው የግድግዳ ቀጥተኛነት ነው።

አንዱ መፍትሔ ብሎኬቱን ከሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ አድርጎ መንደፍ ነው። ግንበኛው ፊቱን ወደ ኋላ ማዞር ከቻለ፣ የአንዱ ረድፍ ዝንባሌ የሌላውን ያጣፋል። ጉብታውም ወደ ስርጉዱ ሲገባ ጥቂት ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክፍተቱ ከጠበበ ትንሽ አሸዋ እንኳ ብሎኬቱ እንዳይቀመጥ ያግደዋል፤ ከሰፋ ደግሞ ብሎኬቱ ይወዛወዛል። የጉብታው ጎኖች ዘንበል ብለው የሚሠሩት ብሎኬቱ ከቅርጽ ማውጫው ሳይሰበር እንዲወጣና ሲደረደር በቀላሉ ቦታውን እንዲይዝ ነው።

ዓምድ ከብሎኬት ሊሠራ ይችላል?

ብዙዎቹ ተቆላላፊ ብሎኬቶች ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ ቀዳዳ አላቸው። በማዕዘን፣ ግድግዳ ከግድግዳ በሚገናኝበት፣ እንዲሁም በበርና በመስኮት ዳር በሚገኙት ቀዳዳዎች ውስጥ ከመሠረቱ የተነሣ ፌሮ ብረት ይቆምና ቀጠን ያለ ኮንክሪት ይሞላል።

ለዚህ ቀዳዳዎቹ በየረድፉ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። የላይኛው ብሎኬት በታችኞቹ ሁለት ብሎኬቶች መገጣጠሚያ ላይ እኩል ስለሚያርፍ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ብሎኬት የቀዳዳዎቹ ማዕከል ከየጫፉ 7.5 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን ይኖርበታል። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ከሆነ ማዕዘን ላይ ሲዞርም ቀዳዳዎቹ ሳይዛነፉ ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ አደገኛ የሆነ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የቆመ አንድ ብረት ግድግዳውን ያጠናክራል እንጂ ፎቅ የሚሸከም ዓምድን አይተካም። ሸክም ተሸካሚ ዓምድ በርካታ ቋሚ ብረቶች፣ እነርሱን የሚያቅፍ ስታፋና በዙሪያቸው በቂ ኮንክሪት ያስፈልገዋል። ለዓምድ ተብሎ የሚመረት ሰፊ ክፍት ያለው ብሎኬትም በዋናነት የካሳፎርማን ሥራ ይሠራል፤ ጭነቱን በዋናነት የሚሸከሙት በውስጡ ያሉት ብረትና ኮንክሪት ናቸው። መጠናቸውን መወሰን ያለበትም መሐንዲስ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ላይ የሚሠራ ቤት

ጉዳዩ በዚህ ቀጣና የበለጠ ክብደት አለው። እ.አ.አ በመስከረም 2016 በሰሜን ምዕራብ ታንዛኒያ ቡኮባ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ቤቶችንም አፍርሷል። በ2025 መጀመሪያ በኢትዮጵያ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሠተው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥም ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ጉብታና ስርጉዱ ብሎኬቱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይረዳሉ፤ ወደ ላይ እንዳይነሣ ግን አይዙትም። ስለዚህ መሬት ሲናወጥ ግድግዳውን አንድ አድርገው የሚይዙት ከመሠረት የተነሡት ብረቶችና በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚያስረው የኮንክሪት ቢም ናቸው። ለዚህ ቢም ተብሎ እንደ ቦይ ክፍት የሆነ ልዩ ብሎኬት ይመረታል። ‘በራሱ ስለሚቆለፍ ብረት አያስፈልገውም’ የሚለው የሻጭ አነጋገር በርዕደ መሬት ቀጣና ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት

የብሎኬቱን ጥራት ለመመዘን የሚጀምሩበት ቀላል ሙከራ አለ። በየጊዜው ከተመረቱት 10 ብሎኬቶች መርጠው በተስተካከለ ወለል ላይ ይደርድሩ። የእያንዳንዱ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ነው ከተባለ ድርድሩ አንድ ሜትር መሙላት አለበት። በውሃ ልክና በቱምቢ ይፈትሹት፤ በእጅ ሲነካ የሚንገዳገድ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ። ብሎኬቶቹ ከተመረቱ በኋላ ተሸፍነው ለስንት ቀን ውሃ እንደ ጠጡ ማወቅም ያስፈልጋል፤ በፀሐይ ቶሎ የደረቀ ብሎኬት ጥንካሬው ይቀንሳል።

ግንባታው ሲጀመር ደግሞ የመጀመሪያው ረድፍ በሞርታር ላይ፣ በሲባጎና በውሃ ልክ ተስተካክሎ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በላይ ያሉት ረድፎች ሁሉ የእርሱን ልክ ይከተላሉ።