መንገዱ ሲዘጋ ክኒኑ ስንት ቀን ያደርሳል?

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሕመሙን የሚገታለት ብዙ ጊዜ ፌኖባርቢታል የተባለች ትንሽ ክኒን ናት። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ ማታ ሲተኙ አንዴ ትዋጣለች። እሷ እያለች ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ እናት ምድጃ ዳር ተቀምጣ እንጀራ ትጋግራለች። ስትቋረጥ ግን ገደሉም፣ ወንዙም፣ የቤቱ እሳትም ለሕይወት ያሰጋሉ። ስለዚህ ጦርነት፣ ወረርሽኝ ወይም የክረምት ጎርፍ መንገድ በዘጋ ቁጥር አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ክኒኑ ያለቀበት ሰው ስንት ቀን አለው?

ጥያቄው ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ብዙ ታካሚ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ፈራ። በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ ሰሜን የተነሣው ጦርነት ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ መንግሥት ሞላሌን፣ መዘዞንና ሸዋ ሮቢትን ማስለቀቁን የገለጸው ኅዳር 22 ቀን ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ይህ ሁሉ ሲፈራረቅ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስደው ሰው ሕመም ግን አንድም ቀን አላረፈም።

የአንጎል ልጓም

የአንጎል የነርቭ ሕዋሳት የሚግባቡት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ምልክት ነው። አንዳንዱ ምልክት «ቀጥል» ይላል፣ ሌላው «ቁም»። «ቁም» ከሚሉት ዋነኛው ጋባ የተባለው ኬሚካል ነው። ጋባ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለች ትንሽ በር ይከፍታል፤ በበሩ ክሎራይድ ይገባል፤ ሕዋሱም ይረጋጋል። የሚጥል በሽታ ሲነሣ ይህ ልጓም ያመልጣል፤ እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል።

ፌኖባርቢታል ጋባ የከፈታት በር ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍታ እንድትቆይ ያደርጋል። ይህን ጥቅሙን እ.ኤ.አ. በ1912 ያስተዋለው አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ለእንቅልፍ ብሎ የሰጣቸው ሕሙማን የሚጥላቸው ጊዜ ቀነሰ። መድኃኒቱ ከመቶ ዓመት በኋላም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ።

አደጋው ከዚሁ ጥቅም ይወለዳል። አንጎል በየቀኑ የሚመጣለትን ልጓም ይለምዳል፤ ራሱንም ከእሱ ጋር ያስተካክላል። ልጓሙ በድንገት ሲወልቅ፣ ተይዞ የቆየ ፈረስ እንደሚፈረጥጥ ሁሉ፣ ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ ይችላል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሰውየው ሳይነቃ ከደጋገመው ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ ሁኔታ ነው። ሐኪሞች «መድኃኒቱን በራስህ አታቁም» ብለው አጥብቀው የሚናገሩት ለዚህ ነው።

ስንት ቀን የሚለውን አሁን እናስላ። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፌኖባርቢታል በግማሽ ለመቀነስ አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የመጨረሻዋ ክኒን ከተዋጠች በአራተኛው ቀን ግማሹ፣ በስምንተኛው ሩቡ፣ በ12ኛው ቀን ስምንት እጅ ከሆነው አንድ እጁ ብቻ ይቀራል። በልጆች ከዚህም ይፈጥናል። ሕመሙ የሚመለሰውም ደሙ ከመድኃኒት እስኪጠራ ጠብቆ አይደለም፤ መጠኑ ከሚበቃው በታች ሲወርድ ነው። እንግዲህ መልሱ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነው። ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ያለው ጊዜ ከዚህ ያጥራል፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ቀን እንኳ አይፈጅበትም። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ያለ ኢንሱሊን የሚቆየው ደግሞ ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ስንት ሰው ነው?

በኢትዮጵያ ገጠር የሚጥል በሽታን ስፋት ካሳዩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያካሄዱት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ በሽታው ነበረባቸው፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ማለት ነው። ተገቢውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ያ መጠን ለሰሜን ሸዋም ቢሠራ፣ መቶ ሺህ ሕዝብ ባለበት ወረዳ ከ500 በላይ ሰው የሚጥል በሽታ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ወርዷል። ነገር ግን በጃማና በወንጭት ሸለቆ በተቆራረጠ አገር ጤና ጣቢያ መድረስ ራሱ መንገድ ነው። የመርሐቤቴው ገበሬ ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል፣ የመንዙ ወደ መሃል ሜዳ፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሻው ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ይጓዛል። ክኒኑ የሚመጣውም በዚያው መንገድ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ።

ለጥበቃ የተሠራው ቁልፍ

ፌኖባርቢታል እንደ ሌላው ክኒን በቀላሉ ከመደርደሪያ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ1971 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። በልዩ የማዘዣ ወረቀት ይታዘዛል፣ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ክኒን በመዝገብ ይወራረዳል። ለከባድ ሕመም የሚሰጠው ሞርፊንም እንዲሁ። ቁልፉ ያለ ምክንያት አልተበጀም፤ ፌኖባርቢታል ከመጠን በላይ ከተወሰደ ትንፋሽ አቁሞ ይገድላል፤ ሞርፊንም ሱስ ያሲዛል።

በሰላም ቀን ሰውን የሚጠብቀው ይህ ቁልፍ በክፉ ቀን ያንኑ ሰው ውጭ ሊያስቀረው ይችላል። የማዘዝ ሥልጣን ያለው ባለሙያ ሲፈናቀል፣ የማዘዣ ወረቀቱ ሲያልቅ ወይም የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የያዘው ሰው ሳይኖር ሲቀር መድኃኒቱ እዚያው እያለ ታካሚው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህን ችግር ሌላውም ዓለም አይቶታል። ካናቢስ በኢትዮጵያ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ በሕክምና ስም የሚፈቅዱ የአሜሪካ ግዛቶች ግን አሉ። ከዚሁ ዕፅ የሚወጣውን ካናቢዲዮል እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሁለት ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኮሮና ከተሞችን ሲያስዘጋ ካናቢስን ለሕክምና የፈቀዱት ግዛቶች መወሰን ነበረባቸው። ማሳቹሴትስ ለመዝናኛ የሚሸጡትን መደብሮች ዘግታ ለታካሚዎች የሚሸጡትን ክፍት አደረገች። ካሊፎርኒያ አገልግሎቱን ከአስፈላጊ ሥራዎች ዝርዝር አስገባች። በብዙ ግዛቶች ሐኪም በስልክ እንዲያይ፣ ታካሚውም ከመኪናው ሳይወርድ እንዲቀበል ተፈቀደ። ዕፁን መፍቀድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ነው። እዚህ የሚጠቅመን አሠራሩ ነው፤ ቁጥጥሩን ሳያነሡ የታካሚውን በር ለይተው ከፈቱ።

ዓለም አቀፉ ሕግም መውጫ አበጅቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ፣ አደጋ በደረሰበት አገር የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሥራ ቢቆም፣ ላኪው አገር የማስገቢያ ፈቃድ ሳይጠብቅ ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች እንዲልክ መንገዱን ቀለል አድርጓል። ዓለም አቀፉ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2013 ፊሊፒንስ በአውሎ ነፋስ ስትመታ አገሮች በዚህ እንዲጠቀሙ አሳስቧል። እስከ አየር ማረፊያ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ከአየር ማረፊያ እስከ ግሼዋ ራቤል ያለው ግን የእኛ ፈንታ ነው።

በራሳችን ቤት ያለ ትምህርት

ከሩቅ ሳንሄድ የምንማረው አለን። ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሁኔታቸው ለተረጋጋ የኤችአይቪ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ጀምራለች። የተጀመረው የታካሚውን ምልልስና የጤና ተቋሙን ጫና ለመቀነስ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ግን የስድስት ወር መድኃኒት ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ከወረፋም ከመንገድም ነጻ ሆነ።

ለሚጥል በሽታ ታካሚ የዚህን ያህል ባይሆን፣ በሕክምናው ለተረጋጋ ሰው የሁለት ወይም የሦስት ወር መስጠት ብዙ ያተርፋል። እርግጥ ሐኪሙ ቤቱን መጠየቅ አለበት፤ ሕፃን የማይደርስበት ሣጥን አለ? በቤቱ ሕይወት ያስጠላው ሰው የለም? መልሱ የሚያሰጋ ከሆነ ክኒኑን አጠገብ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትያዝለት።

የክምችቱም ስሌት መታየት ይገባዋል። በአገሪቱ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ጤና ጣቢያ ቢያንስ የሁለት ወር፣ ቢበዛ የአራት ወር ክምችት እንዲይዝ ይጠበቃል፤ የሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው አስቸኳይ ጥያቄ ያቀርባል። የሁለት ሳምንት ክምችት ላይ በደም ውስጥ የሚቀረውን 12 ቀን ብንደምር አንድ ወር አይሞላም። የግጭት መንገድ ከዚያ በላይ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሰላም ቀን የተቀመጠው የማስጠንቀቂያ መስመር ለእነዚህ ደጋዎች ከፍ ማለት አለበት።

የጓሳ ሕግ

የመንዝ ሰው ለክፉ ቀን የማስቀመጥን ጥበብ ከሳይንሱ በፊት ያውቀዋል። የጓሳ ደጋ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ዘሮች በቀሮ ሥርዓት ጠበቁት። ሣሩ ለዓመታት ይከለከል ነበር፤ ማንም አያጭደውም፣ ከብትም አይገባበትም ነበር። ጊዜው ሲደርስ ሁሉም በሚያውቀው ሕግ ይከፈት ነበር። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የክልከላው ዘመን ያጥርና ቀድሞ ይከፈት ነበር።

በዚያ ሥርዓት ሦስት ነገር ነበር፤ አስቀድሞ የተጠራቀመ ሀብት፣ የታመነ ጠባቂ፣ በክፉ ቀን ማን እንደሚከፍተው ቀድሞ የታወቀ ሕግ። መድኃኒታችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት በመጠኑም ቢሆን አግኝቷል። ሦስተኛውን እንጻፍለት። እያንዳንዱ ወረዳ የታካሚዎቹን መዝገብ ይያዝ፤ ክምችቱን በአንድ መጋዘን ሳይሆን በብዙ ቦታ ይክፈል፤ ኃላፊው ባይኖር ማን እንደሚያዝዝና ማን ቁም ሣጥኑን ከፍቶ በመዝገብ እንደሚያድል ከወዲሁ በጽሑፍ ይወስን።

አንባቢ ሆይ፣ ከቤትዎ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው ከኪሱ እንዳይለይ ያድርጉ፤ ከመንደሩ ቢፈናቀል ሌላ ጤና ጣቢያ በዚያ ወረቀት ይረዳዋል። ክኒኑ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት ይሂዱ እንጂ የመጨረሻዋን ፍሬ አይጠብቁ። ጠበል ሲገባም መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሲጥለው ክብሪት አያሽትቱት፣ በአፉም ምንም አይክተቱ፤ ከእሳትና ከገደል አርቀው በጎኑ ያስተኙት፣ ደቂቃውን ይቁጠሩ፤ 5 ካለፈ ወደ ሕክምና ያድርሱት። ወረዳዎን የሚመሩ ከሆነ ደግሞ ያን የመክፈቻ ሕግ መንገዱ ክፍት ሳለ፣ ዛሬ ይጻፉት።