ሳጥኑ ከመፈታቱ በፊት

በቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ማልደው የሚነሡ የመስክ መኪኖች ብዙ ናቸው። ሰፈሩ ለኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ እንግዳ ተቀብለው በቀጥታ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣሉ። ከእነዚህ ላንድክሩዘሮች አንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጣሪያው ላይ ቀጭን አንቴና አለ፤ አንዳንዱም ከፊት ፓራውልቱ ላይ ወፍራምና ረጅም ዘንግ ተክሏል። ሽቦውን ተከትላችሁ ብትገቡ ክሩስኮቱ ስር አንዲት ጥቁር ሳጥን፣ ጥምዝምዝ ገመድ ያለው ማይክ ተሰክቶባት ታገኛላችሁ። የመኪና መገናኛ ሬዲዮ የምንላት እሷ ናት።

"ስልክ እያለ ይህ ምን ይሠራል?" የሚሉኝ ሰዎች አይጠፉም። ስልክ ማማ ከሌለበት ምንም አይሠራም። በአፋር ቆላ ወይም በኦሞ ሸለቆ ውስጥ ግን ሬዲዮ የጫኑ ሁለት መኪኖች ያለ ማንም አገናኝ ይነጋገራሉ። ደግሞም አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ከፊት ያለው ሹፌር "ወንዙ ሞልቷል፣ ባላችሁበት ቁሙ" ሲል ከኋላው ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፍሬን ይይዛሉ። አንድ በአንድ እየተደወለ ቢሆን ሦስተኛው መኪና እስኪደረስለት ውኃ ውስጥ ገብቷል። አጠቃቀሙን ሁሉም ያውቀዋል፦ ቁልፉ ሲጫኑት ይልካል፣ ሲለቁት ይቀበላል።

የሚቆጨኝ የብልሽቱ ነገር ነው። ሬዲዮ አልሠራ ሲል ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሳጥኑ ነው። ተፈትቶ ይወጣል፣ ባለሙያ ፍለጋ ይሄዳል፣ አንዳንዴም "ሞቷል" ተብሎ አዲስ ይገዛል። ሳጥኑ ግን ከመላው ሥርዓት ውስጥ አቧራም ውኃም ኮረኮንችም በቀላሉ የማያገኘው፣ በብረት የታሸገ ክፍል ነው። ቀድመው የሚጎዱት ከእሱ ውጭ ያሉት ናቸው፦ የኃይል ሽቦው፣ ፊውዙ፣ የማይኩ ገመድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንቴናውና ኬብሉ። ስለዚህ ሳጥኑ በመጨረሻ ይጠርጠር።

ከኃይሉ እንጀምርና ቶሎ እንለፈው። ሬዲዮው የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፤ ሞተር ሲነሣ ወደ 14 ቢጠጋ አይጎዳውም። 24 ቮልት ባለው የጭነት መኪና ላይ ያለ ኮንቨርተር መግጠም ግን ማቃጠል ነው። ሽቦው ከባትሪው ፖል በቀጥታ መምጣት አለበት፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። ከሲጋራ መለኮሻ ቀጥሎ መትከል የሰነፍ ሥራ ነው። ቴስተር ይዞ "12.6 አለ፣ ኃይሉ ደኅና ነው" የሚል ባለሙያ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል። ሬዲዮ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የሚስበው ጥቂት ነው፤ ሲልክ ግን ትልቁ ዓይነት ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። የዛገ ጫፍ ወይም የቀጠነ ሽቦ የሚጋለጠው ያኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ቴስተሩ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ተይዞ የማይኩ ቁልፍ ይጫን። ቮልቱ ከ11 በታች ከወረደ በሽታው ሽቦው ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ማይኩን በተመለከተ ሹፌሮችን ትንሽ መቆጣት አለብኝ። ጥምዝምዝ ገመዱ የሚበጠሰው ማይኩን በገመዱ ስለምትጎትቱት ነው። መስቀያ ተሠርቶለት ሳለ መቀመጫ ላይ ስትወረውሩት አንድ ሰው ይቀመጥበታል፣ ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል፣ የመላው ቡድን ቻናልም በአንድ መኪና ጫጫታ ይዘጋል። ቁልፉን እንደተጫናችሁ አትናገሩ፤ አንድ ሰከንድ ጠብቁ። ድምፁን ተቀብሎ ወደ ሩቅ የሚያሻግረው ጣቢያ፣ ሪፒተሩ፣ እስኪከፈት የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣልና "አትሂዱ" ያላችሁት "ሂዱ" ሆኖ ሊደርስ ይችላል። መጮህም አይጠቅምም፤ ሬዲዮው ድምፁን ራሱ ይገድበዋል፣ ትርፉ መጎርነን ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ አንቴናው።

ብዙ ሰው አንቴና ማለት ያ ዘንግ ብቻ ይመስለዋል። ዘንጉ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ የመኪናው የብረት ጣሪያ ነው። ዘንጉ የሚወረውረው ሞገድ የሚመሠረተው ከታቹ ካለው ብረት ጋር ነው። ያለ ብረት የተተከለ አንቴና በአንድ እግሩ እንደቆመ ሰው ነው፦ ይቆማል እንጂ አይሄድም። ለዚህ ነው የጣሪያው መሐል ከሁሉ የተሻለ ቦታ የሚሆነው። ፖርቶመጋላው ጥግ ላይ በሽቦ የታሰረ አንቴና ወደ አንድ ወገን እየላከ ሌላውን ይበድላል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ ሲጫን ደግሞ ይብሳል።

"ረጅም አንቴና ሩቅ ይደርሳል" የሚለውን እምነት አጥብቄ የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ርዝመቱ ከፍሪኩዌንሲው ጋር የተያያዘ ነው። ቀላሉ ስሌት 75ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል ነው፤ የሩብ ሞገድ ርዝመት በሜትር ይወጣል። ለ150 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሜትር፣ ለ450 ደግሞ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር። በተግባር ከዚህ ጥቂት ያጥራል። የአንዱ ሬዲዮ አንቴና ስለረዘመና ስላማረ ብቻ ወደ ሌላው የሚዛወርበትን አጋጣሚ ደጋግሜ አይቻለሁ። ልኩን ያልጠበቀ አንቴና ኃይሉን አይወስድም፤ ወደ ሬዲዮው ይመልሰዋል።

ያን የሚመለሰውን ኃይል የሚለካው በሬዲዮውና በኬብሉ መካከል የሚገባው ዋት ሜትር ነው። መጀመሪያ የሚሄደውን፣ ቀጥሎ የሚመለሰውን ያሳያል። ከ100 እጅ 4 ቢመለስ ጥሩ ነው። 11 ሲመለስ መመርመር ይገባል፤ 25 ሲደርስ ሬዲዮው ራሱን ለማዳን ዋቱን ሊቀንስ፣ ካልቻለም ሊቃጠል ይችላል። ሳጥኑ በእውነት የሚሞተው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ገዳዩ አንቴናው ላይ እያለ አዲስ ሳጥን ይገዛል፣ እሱም ይከተላል።

አንድ ወጣት ሹፌር ቡልቡላ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። "ጋሼ፣ ሳጥኑ ሞቷል፤ አዲስ እንዲገዙልኝ ወረቀት ይጻፉልኝ" አለኝ።

"ማን ነው ሞቷል ያለህ?"

"ማንም አይሰማኝማ! እኔ ግን ሁሉንም እሰማለሁ።"

"ከሰማህ አልሞተም፣ ልጄ።"

ተራራ ላይ ያለ ሪፒተር ጉልበት ስላለው በደካማ አንቴናም ይሰማል፤ የመኪናው ሬዲዮ ግን በዚያው ደካማ አንቴና ወደ ተራራው መድረስ አይችልም። "እሰማለሁ፣ አይሰሙኝም" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንቴናው እየነገራችሁ ነው። መኪናው በቅርቡ ጋራዥ ገብቶ እንደነበር ጠየቅሁት። ጣሪያው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አንቴናውን ስንነቅለው መቀመጫው ስር ብረት የሚባል አይታይም፤ ዙሪያው በቀለም ተሸፍኗል። ከብረቱ ጋር ያለው ግንኙነት (ማሳው) ተቋርጦ ዘንጉ ያለ ጣሪያ ቀርቷል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀን፣ እንዳይዝግ ግራሶ ቀባብተን መልሰን ስናጠብቀው የሚመለሰው ኃይል ወረደ፣ ከቢሮውም "በደንብ ይሰማል" የሚል መልስ መጣ። የወጣ ገንዘብ የለም።

ከዚህ ሁሉ ግን ባለሙያዎችን ጭምር የሚያታልለው የራሰ ኬብል ነው። በክረምት ውኃ በአንቴናው መቀመጫ በኩል ይገባል፣ በኬብሉ ሽሩባ መዳብ እየተሳበ ይወርዳል፣ መዳቡም ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ኬብል ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ይውጠዋል። የሚመለሰውንም ስለሚውጥ ዋት ሜትሩ ላይ የሚታየው መልካም ቁጥር ነው! አስሉት። ሬዲዮው 25 ዋት ይልካል፤ ኬብሉ ከአራቱ ሦስቱን እጅ ውጦ 6 ዋት ገደማ ጫፉ ላይ ይደርሳል። አንቴናው ጭራሹን የለም እንበል፤ 6ቱም ዋት ይመለሳል። ኬብሉ እንደገና ሦስቱን እጅ ይውጥና ሜትሩ ጋ የሚደርሰው አንድ ዋት ተኩል ነው። ከመቶ 6 ብቻ ተመለሰ ማለት ነው። ባለሙያው "በጣም ጥሩ አንቴና ነው" ብሎ ይፈርማል፤ አንቴናው ግን ጣሪያው ላይ የለም።

መድኃኒቱ ሜትሩን ወደ ላይ ይዞ መውጣት ነው። አንቴናው ይፈታ፣ በኬብሉ ጫፍ ላይ ዋት ሜትሩና በአንቴናው ፋንታ ኃይሉን የሚቀበለው 50 ኦም ዳሚ ሎድ ይግቡ፣ ታች ሆኖ ቁልፉን የሚጫን ሰው ይኑር። ጤነኛ የሆነ 5 ሜትር አርጂ 58 ኬብል በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጠፋል፤ በ450 ከሦስት አንድ እጅ ገደማ። ከዚያ በላይ ከጠፋ ኬብሉ ይጣል። አይቀጠልም፣ በፕላስተርም አይጠቀለልም። ኬብሉን በቴስተር ብቻ መርምሮ መፍረድም አይበቃም፤ ቴስተር መበጠስንና መነካካትን ያሳያል እንጂ የራሰውን ከደረቀው አይለይም። አንዳንድ አንቴናዎች ደግሞ ከሥራቸው ባለ መጠምጠሚያ ምክንያት በቴስተር ሲለኩ ሾርት የሆኑ ይመስላሉ፤ ጤነኛ ናቸው፣ አትጣሏቸው።

ልኬቱ የት እንደሚደረግም ልጨምር። ጋራዦቻችን በአብዛኛው የቆርቆሮ ጣሪያ አላቸው። ከአንቴናው በላይ ቆርቆሮ ካለ የሚነበበው ቁጥር የመኪናው ብቻ አይሆንም፤ የጋራዡም ይገባበታል። መኪናው ወደ ሜዳ ይውጣ። በቡልቡላ ረጃጅም ብሎኮች መካከል የሚሞክር ሰውም ወዲያው አይፍረድ፤ ከሕንፃው እየነጠሩ የሚመጡ ሞገዶች ይጠፋፋሉና ሁለት እርምጃ ያህል ወደፊት ሲነዳ ድምፁ ሊመለስ ይችላል። ከተማችን ለሬዲዮ የተመቸች ናት፤ ኤርፖርቱ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲሆን፣ በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ በኩል የረር ከፍ ብለው ይታያሉ። በእነዚህ ሜጋኸርዞች ሞገዱ የሚሄደው ዓይን በሚያየው መንገድ ስለሆነ ሪፒተር የሚተከለው ከፍታ ላይ ነው።

ፓራውልቱ ላይ ያለው ወፍራም ዘንግ የሌላ ሬዲዮ ነው። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው፤ በእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች ላይ የለመድነው ኮዳን የአውስትራሊያ ሥራ ነው። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ንብርብር ነጥሮ ይወርዳል፤ ተራራ አይገታውም። በዚያው ጥበብ ነው ከቡልቡላ ብዙም ከማይርቀው ከአቃቂ ጣቢያ፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፅ ወደ ውጭው ዓለም የተላለፈው። ይህ ሬዲዮ ቢሾፍቱ ያለውን መኪና ሳይሰማ መቀሌን ሊሰማ ይችላል፤ ተጠቃሚውም ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም፤ ሞገዱ ቢሾፍቱን ዘሎት ሄዷል። ዝቅ ወዳለው ቻናል ሲዞሩ ቅርቡ ይመጣል። ቀን ከፍ ያለው፣ ማታ ዝቅ ያለው ቻናል ይመረጣል። አዲስ አበባ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ ከገባች በኋላ ድምፁ ሲርገበገብ ብትሰሙም ምክንያቱ ሰማዩ ነው። መኪናው ላይ መመርመር ያለበት ፓራውልቱን ከሻንሲው የሚያገናኘው ሰፊ ሽሩባ ሽቦ ነው፤ ያ ከዛገ የትኛውም ቻናል አይረዳም። ጩኸት ከበዛም ለስልክ የተሰካውን ርካሽ ቻርጀር ከሁሉ በፊት ንቀሉት።

ኃይሉም አንቴናውም ደኅና ሆነው አሁንም ካልተሰማ የፕሮግራሙ ተራ ነው። ብዙ ሪፒተሮች ከድምፁ ስር ከ67 እስከ 250 ኸርዝ ገደማ ያለ፣ ጆሮ የማይለየው ቶን ይጠብቃሉ፤ ቶኑ ካልገጠመ ሬዲዮው በሙሉ ጉልበቱ እየላከም አይከፈትለትም። ፕሮግራም ማስገባት የማንም ጎረምሳ ጨዋታ አይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፍሪኩዌንሲ በፈቃድ ይሰጣል። እኛ ደግሞ የምንኖረው አውሮፕላን በሚያርፍበት ሰፈር ነው፤ አብራሪዎች ከማማው ጋር የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን ብዙው ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከ136 ይጀምራል፤ በስህተት የገባ ቁጥር እነሱን ሊረብሽ ይችላል። ሬዲዮውን ለፕሮግራም ስትወስዱ የፈቃዱን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ፍሪኩዌንሲው፣ ቶኑና የተፈቀደው ዋት ከወረቀቱ ላይ ይግባ፤ ከሌላ መኪና ሬዲዮ አይገልበጥ፣ የዚያ መኪና ስህተት አብሮ ይገለበጣልና።