ተወዳጅ ፕሮግራም ወደ ትልቅ ጣቢያ መዛወር አለበትን?

አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ተወዳጅነት ሲያገኝ «ወደ ትልቁ ጣቢያ ይሂድ» የሚል ሐሳብ መነሣቱ የተለመደ ነው። ዝውውሩ የሚጠቅመው ግን የፕሮግራሙ ባሕርይ ተጠብቆ ሲቆይ መሆኑን የብሪታንያው የዳቦና የኬክ ጋገራ ውድድር «ቤክ ኦፍ» ያሳያል።

በድንኳን ውስጥ የሚካሄደው ይህ ውድድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ቢቢሲ ቱ በተሰኘው አነስተኛ ጣቢያ ተጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ተመልካች በአማካይ ከ3 ሚሊዮን በታች ነበር። በ2014 ወደ ዋናው ጣቢያ ቢቢሲ ዋን ሲሻገር ድንኳኑም፣ ዳኞቹም፣ አቅራቢዎቹም አልተለወጡም፤ የ2016ቱን ፍጻሜ ከ14 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተከታተለው። በ2017 አዘጋጁ ኩባንያ የተሻለ ገንዘብ ወዳቀረበው ቻናል ፎር ሲያዛውረው ግን አንዷ ዳኛና ሁለቱ አቅራቢዎች አብረው አልሄዱም፤ የተመልካቹም ቁጥር ቀነሰ።

በአገራችን የግብርና ፕሮግራሞች ዘንድ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የሰሜን ሸዋና የወሎ ደጋ አርሶ አደር በየካቲትና በመጋቢት የበልግ እህል ሲዘራ፣ የጎጃም አርሶ አደር በአብዛኛው የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃል። የክልል ጣቢያ ለየአካባቢው በወቅቱ ምክር ለመስጠት ይቀርባል፤ አገር አቀፍ ጣቢያ ግን ውሱን የአየር ሰዓቱን ለብዙ ሥነ ምህዳር ማካፈል ይኖርበታል። ከዘር በኋላ የሚደርስ የዘር ምክር ደግሞ ለአርሶ አደሩ ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ ዝውውሩ የሚደገፈው የስርጭቱ ሰዓትና የየአካባቢው ይዘት አስቀድሞ በውል ሲረጋገጥ ነው። ያለዚያ ተመልካች ቢበዛም፣ ፕሮግራሙ የተፈጠረለት ሰው ሳይሰማው ወቅቱ ያልፋል።