ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ጋዝ አይሰጥም

ባለፈው ስለ ሼል ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ ትዝ ያላችሁ ማደያው ነው። እኔ የማወራው ስለ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ ባሕር ሥር የተኛ ደቃቅ ጭቃ በሚሊዮን ዓመታት ተጭኖ የጠነከረው፣ በስስ በስሱ የሚላጠው።

ነዳጅ ፈላጊዎች ይህን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ምድጃ እንጂ ማድጋ ነው አላሉትም። ነዳጁ እዚያ ይበስላል፣ ሾልኮ ወጥቶ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሚቆፈረውም አሸዋው ነበር። ቴክሳስ ውስጥ የጆርጅ ሚቸል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባርኔት የተባለውን ሼል ራሱን መቆፈር ጀመረ፤ አዋጪውን የአሰባበር ዘዴ ለማግኘት ግን እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ደክሟል።

ከዚያ በኋላ ጥቁር ድንጋይ ያለው አገር ሁሉ ቴክሳስ ታየው። በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር ፖላንድ 5.3 ትሪሊዮን ሜትር ኩብ ሊወጣ የሚችል የሼል ጋዝ አላት ብሎ ገመተ። በዓመቱ የፖላንድ ጂኦሎጂ ተቋም የድሮ ጉድጓዶችን መረጃ አገላብጦ ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ቢሆን ነው አለ። ኤክሶን ሞቢልም ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ ወጣ።

ምን ጎደለ? መጀመሪያ የሚታየው የኦርጋኒክ ካርቦን መጠን ነው፤ ከድንጋዩ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ካልደረሰ ብዙዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ቀጥሎ ብስለቱ። ድንጋዩ ውስጥ የቀረች የእንጨት ቅንጣት፣ ቪትሪናይት የምትባለው፣ ሙቀት በቀመሰች ቁጥር ብርሃን ይበልጥ ታንጸባርቃለች። ነጸብራቋ ከ0.6 በመቶ በታች ከሆነ ድንጋዩ ጥሬ ነው፤ እስከ 1.3 ገደማ ዘይት፣ ከዚያ በላይ ጋዝ ይጠበቃል። በጣም ካለፈ ግን አርሯል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሸክላው ነው። የሼል ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የማሳለፍ አቅሙ የሚለካው በናኖዳርሲ ነው፤ ሳይሰበር አይሰጥም። ኳርትዝ የበዛበት ድንጋይ በውሃ ግፊት እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከውሃው ጋር በተረጨው አሸዋ ተደግፎ ክፍት ይቆያል። ሸክላ የበዛበት ግን ይለመጣል፤ አሸዋውን እንደ ጭቃ ውጦ መልሶ ይገጥማል። አንዳንዱ ሸክላ ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ መረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። የፖላንዱ አንዱ ችግር ይኸው የሸክላ ብዛት ነበር።

ጋዙን መለካትም ቀላል አይደለም። ኮሩ፣ ማለትም ከጉድጓዱ ተቆርጦ የሚወጣው የድንጋይ ናሙና፣ ከሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ተጎትቶ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ መንገድ ላይ ያመልጣል። ላይ ሲደርስ በጣሳ ታሽጎ የቀረው ይለካል፣ ያመለጠው ይገመታል። በዚች ግምት ብቻ ስንቱ ጥሩ ድንጋይ ተንቋል! ባርኔትም በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ ኮር ተወስዶ ሲለካ የያዘው ጋዝ ከቀድሞው ግምት በጣም የላቀ ሆኖ ተገኝቷል።

«ኦጋዴንስ?» ለምትሉኝ፦ የካሉብ ጋዝ ያለው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው፣ የተለመደው ዓይነት ነው። ከላዩ ቦህ የሚባል ሼል ተጭኖበታል። ቦህን ለመቆፈር የሚያስብ ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የሸክላውን መጠን ነው። እስከዚያው የቦህ ሥራ ክዳን መሆን ነው።